የእምዬ ሙቀጫ

ካቻምና ነው፣ የስግድ በዓል ካለፈ ከሁለት ሳምንት በኋላ። ቤር ሼቫ በተከራየሁት ክፍል ውስጥ ለፈተና እያጠናሁ ስልኬ ጮኸ። እናቴ ነበረች። በእሷ አቆጣጠር ከምሽቱ አራት ሰዓት ተኩል፣ በእኔ አቆጣጠር አስር ሰዓት ተኩል።

«እምዬ ቀኝ እጄ ደነዘዘ ትላለች። ስኒውም ከእጇ ወደቀ» አለችኝ።

እምዬ የምንላት አያታችንን፣ የእናቴን እናት ነው። በ1991 በሰለሞን ዘመቻ ከመምጣቷ በፊት ወገራ ነበር የምትኖረው፤ አሁን ረሆቮት፣ ቂርያት ሞሼ ከእናቴ ጋር ትኖራለች። ስለማንኛውም በሽታ ስታወራ «ያልፋል» ባይ ናት።

«ደክሟት ይሆናል እማ። ትተኛ። ነገ ጠዋት ኩፓት ሆሊም ውሰጃት» አልኳት።

ይህን ያልኩት እኔ የፊዚዮቴራፒ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። በዚያው ሳምንት ጠረጴዛዬ ላይ የአንጎል ደም ሥሮች ሥዕል ተዘርግቶ ነበር። ጠዋት እናቴ ልትቀሰቅሳት ስትገባ እምዬ አፏ ወደ አንድ ጎን ተጣሞ፣ ቀኝ እጇና እግሯ አልታዘዝ ብለዋት፣ ቃል ለማውጣት ስትታገል አገኘቻት።

ስለ ሙዚቃና ስለ ምት ልጽፍ ነው የተነሳሁት። ነገር ግን ከዚህች ሌሊት ካልጀመርኩ ጽሑፉ ውሸት ይሆንብኛል። ስትሮክ፣ በዕብራይስጥ ሻቫጽ የምንለው፣ ጊዜ አይሰጥም። ትልቅ የአንጎል ደም ሥር ሲዘጋ በየደቂቃው በአማካይ 1.9 ሚሊዮን የነርቭ ሴል እንደሚሞት ተሰልቷል። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ደግሞ የሚሰጠው በአብዛኛው ምልክቱ ከታየ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። እኛ ሌሊቱን ሙሉ አሳለፍነው። መድኃኒቱ ለእምዬ ይጠቅማት እንደነበር ማንም በእርግጠኝነት ሊነግረኝ አይችልም። ይህን ጥያቄ ግን ይዤው እኖራለሁ።

የተዘጋው የደም ሥር በግራ በኩል ነበር። የግራው አንጎል ቀኝ ጎናችንን ያዛል፤ በአብዛኛው ሰው ዘንድ ንግግርም የሚመራው ከዚያው ከግራ በኩል ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ብሮካ ይህን ማሳየት የጀመረው በ1861 ነበር። ለእኔ የፈተና ጥያቄ የነበረው ነገር አሁን አልጋ ላይ ተኝቶ ያየኛል።

የመጀመሪያው የንግግር ምርመራ በዕብራይስጥ ተደረገ። «ቁልፉን አሳዪኝ፣ እርሳሱን አንሺ» ስትባል እምዬ ዝም አለች። ወረቀቱ ላይ «የመረዳት ችሎታዋ በጣም የተጎዳ» ተብሎ ተጻፈ። እኔ ጎንበስ ብዬ «እምዬ፣ እርሳሱን ስጪኝ» ስላት በግራ እጇ አንስታ ሰጠችኝ። አስተያየቷም «ይህ ደግሞ ምን ዓይነት ጨዋታ ነው?» የሚል ነበር። ወረቀቱ ተስተካከለ። እኔ ግን እዚያ ባልኖርስ ብዬ ዛሬም አስባለሁ። ከእኛ መካከል ለአያቱ ወይም ለወላጁ በየቢሮው ሳያስተረጉም ያደገ ስንት ሰው አለ? ይህኛው ግን ከአገር ውስጥ ጉዳይ ቢሮ ወረፋ የተለየ ነው። እዚህ የሚተረጎመው ሰውዬው ውስጥ ምን ያህል ሰው እንደቀረ ነው።

ከአስር ቀን በኋላ ወደ ማገገሚያው ክፍል፣ ወደ ሺኩም ተዛወረች። ፊዚዮቴራፒስቷ በልጅነቷ ከሩሲያ የመጣች፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት ናት። እምዬን በሁለት የብረት መደገፊያዎች መካከል አቆመቻት። ግራ እግሯ ይራመዳል፤ ቀኙ መሬቱን እየጠረገ ይከተላል። በቀኙ ላይ መቆም ስለምትፈራ ቶሎ ብላ ወደ ግራው ትመለሳለች። አንዱ እርምጃ ረጅም፣ አንዱ አጭር፣ አካሄዷ ሁሉ የተሰበረ ነበር። ግማሽ መንገድ ላይ ስትደርስ ትቆማለች።

በሁለተኛው ቀን ፊዚዮቴራፒስቷ ስልኳን አውጥታ ሜትሮኖም ከፈተች። ሙዚቀኞች ሲለማመዱ ምት የሚጠብቁበት፣ «ቲክ፣ ቲክ» የሚል መሣሪያ ነው። ይህ የእሷ ፈጠራ አይደለም። ማይክል ታውት የተባለው ተመራማሪና ባልደረቦቹ በአሜሪካ በኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በ1990ዎቹ ያዳበሩት ዘዴ ነው። በ1997 ባሳተሙት ጥናት፣ በስትሮክ አንድ ጎናቸው የደከመ ሰዎች ለ6 ሳምንት በምት እየታገዙ መራመድን ሲለማመዱ፣ ያለ ምት ከተለማመዱት ይልቅ ፍጥነታቸውም የእርምጃቸው ርዝመትም ተሻሽሏል።

ምክንያቱን ክፍል ውስጥ ተምሬው ነበር። ሰው እኩል የሚመታ ድምፅ ሲሰማ የሚሠራው የመስማት ክፍሉ ብቻ አይደለም፤ ዝም ብሎ ቢቀመጥ እንኳ እንቅስቃሴን የሚያቅዱት የአንጎል ክፍሎች አብረው ይነሳሉ። ደግሞም አንጎል ከምቱ ኋላ ኋላ አይሮጥም። ሁለት ሦስቴ ከሰማ በኋላ የሚቀጥለው መቼ እንደሚመጣ አስቀድሞ ያውቀዋል፤ እግርም በዚያ ሰዓት ለመድረስ ይዘጋጃል። ስትሮኩ ከውስጥ የሚመጣውን ትእዛዝ ሲያውከው፣ ከውጭ የሚመጣው ምት እንደ ምርኩዝ ያገለግላል ማለት ነው።

የተማርኩት ይህን ነበር። እምዬ ግን ሜትሮኖሙን ጠላችው። ስልኩን የምታየው ስም አሳስቶ እንደሚጠራት ሰው ነበር። በሦስተኛው ቀን ተሽከርካሪ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ፊቷን አዞረች። ያን ፊት አውቀዋለሁ። ልጅ ሳለሁ ጸሐፊዎች እሷን ትተው ከራሷ በላይ እኔን ሲያናግሩ የምታሳየው ፊት ነበር።

እኔም «ችግሩ ገባኝ» አልኩ። የራሳችን ሙዚቃ ነው የሚያስፈልጋት! በማግስቱ የጎንደር ዘፈኖች ሰብስቤ፣ ትንሽ ድምፅ ማጉያ ይዤ መጣሁ። ክፍሉ ሞቀ። እምዬ ፈገግ አለች። ከስትሮኩ ወዲህ የመጀመሪያዋ ፈገግታ ነበረች። ከዚያም ትከሻዋ ተነሳ። እስክስታ!

እኔ ሳጨበጭብ ፊዚዮቴራፒስቷ ሮጣ እጇን ከእምዬ ቀኝ ክንድ ሥር አስገባች። ሁለተኛው ስህተቴ ይህ ነበር። ከስትሮክ በኋላ ትከሻን አቅፈው የሚይዙት ጡንቻዎች ሲላሉ የክንዱ አጥንት ከቦታው ዝቅ ሊል ይችላል፤ ባልተደገፈ ክንድ ትከሻን ማንቀጥቀጥ፣ ወይም በሽተኛን በደካማው እጁ ስቦ ማንሳት፣ ለወራት የሚቆይ ሕመም ሊያመጣ ይችላል። ምቱም ቢሆን አልሆነላትም። እምዬ ያኔ በደቂቃ 44 እርምጃ ነበር የምትራመደው፤ ዘፈኑ ግን ከእጥፍ በላይ ይሮጣል። ልቧ ተከተለው፤ እግሯ ግን ግራ ተጋብቶ ቆመ።

«ሙዚቃው ደስ ያሰኛታል፣ ይህ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ለእግሯ ግን የራሷ ፍጥነት ያለው ነገር ፈልጉላት» አለችን ፊዚዮቴራፒስቷ። ደንቡ ቀላል ነው፦ መጀመሪያ ሰውዬው ያለ ምንም ድምፅ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚራመድ ይቆጠራል፤ ምቱ ከዚያ ይጀምራል፤ አካሄዱ ሲረጋ በትንሽ በትንሹ፣ 5 ወይም 10 በመቶ ብቻ ይጨመራል።

ያገኘችው እናቴ ናት፤ ለዚያውም ሳትፈልግ። እምዬ የሆስፒታሉን ቡና አልቀምስ ስላለች እናቴ የተቆላ ቡና፣ ሙቀጫና ዘነዘና በከረጢት ይዛ መጣች። ከመመገቢያው ክፍል ጥግ ተቀምጣ መውቀጥ ጀመረች። ቀስ ብላ፣ ሳታቋርጥ፣ ስታስብ የምትወቅጠውን አወቃቀጥ። እኔ ስልኬን እያየሁ ነበር። በመተላለፊያው የምታልፈው ፊዚዮቴራፒስት ነች ቆም ብላ ወደ እምዬ እግር የጠቆመችኝ። የግራ እግሯ ጣቶች ይመታሉ። ቀኝ ተረከዟ ደግሞ፣ ያ የሞተ የመሰለን፣ ከወንበሩ ማሳረፊያ ላይ በጥቂቱ ከፍ ዝቅ ይላል። ሙቀጫው ሲመታ ይወርዳል።

ፊዚዮቴራፒስቷ ሰዓቷን አይታ ቆጠረች። በደቂቃ 46።

በማግስቱ እናቴ ከብረቶቹ አጠገብ ዝቅ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጣ ባዶ ሙቀጫ ወቀጠች። እምዬ ከዚህኛው ጫፍ እስከዚያኛው ሄዳ፣ ዞራ ተመለሰች። እውነቱን ለመናገር፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንጎል በራሱም ብዙ ይጠገናል፤ የዚያን ቀን ሥራ ሁሉ የሙቀጫው ነው ማለት አልችልም። ነገር ግን እርምጃዎቿ እኩል ሲሆኑ በዓይኔ አይቻለሁ።

ለምን ሙቀጫው ሠርቶ ሜትሮኖሙ አልሠራም? ሜትሮኖም «ቲክ» ካለ በኋላ እስከሚቀጥለው «ቲክ» ድረስ ባዶ ነው። ምቱ ሲዘገይ ደግሞ ያ ባዶ ቦታ ይረዝማል፣ የሚቀጥለውንም መገመት ይከብዳል። ሙቀጫ ግን ባዶ ቦታ የለውም። ዘነዘናው ሲነሳ ይሰማል፣ የምትወቅጠው ሴት ትንፋሽ ይሰማል፣ ቡናው ሲንሸራተት ይሰማል፤ ከዚያ «ዷ»። ጆሮ መንገዱን ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ሌላው ምክንያት ከወገራ የመጣ ነው። እናቴ እንደነገረችኝ እምዬ በወጣትነቷ ከባሏ እህት ጋር በአንድ ሙቀጫ በየተራ ገብስ ትሸከሽክ ነበር። አንዷ ስታነሳ ሌላዋ ትጥላለች፤ የተሳሳተች ዘነዘናዋ ከዘነዘና ይጋጫል። ይህ ሰውነት በሰው ምት መሥራትን የተማረው ከእኛ መወለድ በፊት ነው። እኔ ከዩቲዩብ የፈለግሁላት ነገር እሷው ውስጥ ነበር።

የእናቴን አወቃቀጥ በስልክ ቀዳሁት። ድምፁን ሳይለውጥ ፍጥነቱን የሚቀይር መተግበሪያ አለ፤ ከ44 ጀምረን ወደ 46፣ ወደ 48 ሄድን። በሁለተኛው ወር መጨረሻ 60 ደረሰች። በእያንዳንዱ ልምምድ መጨረሻ ላይ ድምፁን አጥፍተን ጥቂት እርምጃ በዝምታ ትራመዳለች፤ ምክንያቱም ዓላማው ምቱ ከስልኩ ወደ እሷ እንዲገባ ነው። ቅዳሜ ደግሞ ሻባት ነው፤ ስልክም ሙቀጫም የለም። ያን ቀን ከጎኗ ሆነን በአፋችን እናንጎራጉርላት ነበር። ከሁሉም የምትወደው ልምምድ የሻባቱ ይመስለኛል።

ንግግሯ የተነሳው ከዚያው ከሙቀጫው አጠገብ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናቴ ስትወቅጥ ከእምዬ ጉሮሮ ዜማ ወጣ። መጀመሪያ ቃል የለውም። ቆይቶ ቃል ተቀላቀለበት፣ ሙሉና ጥርት ያለ ቃል፣ «ውሃ» ማለት ካቃታት አፍ። እናቴ ዘነዘናውን ይዛ አለቀሰች። የወፍጮ እንጉርጉሮ ነበር።

ይህ ተአምር ቢመስልም ለሐኪሞች አዲስ አይደለም። በስዊድን ኦሎፍ ዳሊን የተባለ ጸሐፊ መናገር ያልቻለ ነገር ግን መዝሙር መዘመር የሚችል ሰው በ1745 መዝግቧል። በ1973 ደግሞ በቦስተን ማርቲን አልበርት፣ ሮበርት ስፓርክስና ናንሲ ሄልም በዚሁ ላይ የተመሠረተ ሕክምና አሳተሙ። ሕመምተኛው አጫጭር የዕለት ንግግሮችን በዜማ እያለ፣ በየክፍለ ቃሉ በግራ እጁ ጠረጴዛ ይመታል፤ ቀስ በቀስ ዜማው ይቀንስና ንግግሩ ይቀራል። የሚመከረው የሚባለውን እየተረዱ ማውጣት ለሚያቅታቸው ነው፤ እንደ እምዬ ላሉት።

የንግግር ሕክምና ባለሙያዋ አማርኛ ስለማታውቅ ንግግሮቹን እንድንመርጥላት ለመነችን። «ውሃ ስጡኝ»፣ «እግሬን አመመኝ»፣ «ቡና አለ ወይ» መረጥን። እኔ በተለምዶ እንደምንናገረው እላለሁ፣ እሷ ድምፄ የት እንደሚወጣና እንደሚወርድ ትሰማለች፣ ያንኑ አጋንና በዜማ ታደርገዋለች። «ውሃ ስጡኝ» ያለ ዜማ የተነገረው ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው። መዘመር መቻል መናገር መቻል ማለት አይደለም። በመካከላቸው ያለው ድልድይ የሚሠራው በየቀኑ በመደጋገም ነው።

አሁን የማፍርበትን ልናገር። እምዬ ያንጎራጎረችውን እንጉርጉሮ ባለሙያዋ «ምን ይላል?» ብላ ስትጠይቀኝ መመለስ አልቻልኩም። ቃሎቹን ለየብቻ እሰማለሁ፣ ትርጉሙ ግን አይገጥምልኝም። እናቴን ጠየቅኋት፤ እሷም ግማሹን ብቻ ነበር የምታውቀው። ቀሪው ግማሽ ያለው በእምዬ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው፤ ያ ጭንቅላት ደግሞ ተጎድቷል። ሃያ ዓመት ሙሉ ያንን ድምፅ ከወጥ ቤት ስሰማ በሩን ዘግቼ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ እሰካ ነበር።

ስለ ማዳመጫ ካነሳሁ፣ ማታ ማታ ለእምዬ የማሲንቆ ዘፈኖችና የቄሶቻችንን ጸሎት እንከፍትላት ነበር። የፊንላንድ ተመራማሪዎች በ2008 ባሳተሙት ጥናት፣ 60 የስትሮክ ሕመምተኞችን በሦስት ከፍለው ተከታተሏቸው፦ አንዱ ክፍል ለሁለት ወር የሚወደውን ሙዚቃ በየቀኑ ሰማ፣ አንዱ የተነበበ መጽሐፍ፣ አንዱ ምንም አልተሰጠውም። የቃል ትውስታና ትኩረት ከሁሉም የተሻሻለው ሙዚቃ በሰሙት ላይ ነው፤ ምንም ካልተሰጣቸው ይልቅም የመንፈስ ጭንቀታቸው ያነሰ ነበር። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ መዳኛም አይደለም። ነገር ግን ዋጋው ስልክና ትዕግሥት ብቻ ነው።

ቤታችሁ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ካለ ጥቂት ልምከራችሁ። ከፊዚዮቴራፒስቱ ጋር ሳትነጋገሩ አትጀምሩ። ስትለማመዱ ሰው ከደካማው ጎን ይቁም፣ ምንጣፉ ይነሳ። በደካማው እጅ አትጎትቱ። ፍጥነቱን እናንተ ሳትሆኑ እግሩ ይምረጠው። መንገድ ላይ ጆሮ የሚደፍን ማዳመጫ አታድርጉለት፤ መኪና መስማት አለበት። ድምፁንም ከሰውዬው ሕይወት ውስጥ ፈልጉት፤ የአንዱ ሙቀጫ ነው፣ የሌላው የሸማ መወርወሪያ ወይም የአንጥረኛ መዶሻ ሊሆን ይችላል።

እምዬ ዛሬ በከዘራ ትሄዳለች። ቀኝ እጇ ስኒ አይይዝም። የምትናገረው አጭር አጭር ነው። ባለፈው ሳምንት ቤት ሄጄ እኔ ቡና ስወቅጥ፣ የሚሮጥ አውቶቡስ ነበረብኝና፣ ከወንበሯ ሆና «አንቺ ልጅ፣ አታሩጪው» አለችኝ። ቀስ አልኩ። አውቶቡሱ አመለጠኝ። የእንጉርጉሮውን ሦስት ስንኝ ያን ማታ ጻፍኩ፤ ቀሪውን ቀስ በቀስ እየሰጠችኝ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ። አንደኛው፣ በዚህ ሳምንት አያቶቻችሁ ጋ ሄዳችሁ ሲሠሩ የሚያንጎራጉሩትን ቅዱ፤ ትርጉሙንም ጠይቁ፣ ሊነግሯችሁ በሚችሉበት ጊዜ። ሁለተኛው፣ ማታ ደውለው «እጇ ደነዘዘ፣ አፏ ተጣመመ፣ ንግግሯ ተሳሰረ» ቢሏችሁ፣ እኔ ያልኩትን አትበሉ። ነገ ጠዋት የሚባል ነገር የለም። ወዲያውኑ 101 ደውሉ።